ከመሰካታችሁ በፊት፦ የልጅነት ጌምና መጫወቻ ከካርቶን ሲወጣ

ጌሙን የገደልኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዓመት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ምንም ያልሆነ ኮንሶል (ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የጌም ማጫወቻ)፣ እጄ በገባ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጨሰ። አዳፕተሩ የሌላ ዕቃ ነበር። ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ልክክ ብሎ ስለገባ ብቻ የራሱ መሰለኝ። ሰካሁት፣ ማብሪያውን ገፋሁት፣ ከዚያ "ጧ" የምትል ትንሽ ድምፅ ሰማሁና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም የለም። ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ "ብዬህ ነበር" አለ። ምንም አላለኝም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዕቃ አስነስቻለሁ፣ የራሴንም የሰውንም። አንድ ነገር ገብቶኛል። ከካርቶን የሚወጣ የልጅነት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም፣ ቆሽሿል እንጂ። የሚገድለው ዕድሜው አይደለም፤ "እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልየው" የምንላት ችኮላ ናት። ስለዚህ ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ምንም ነገር እንዳትሰኩ።

መጀመሪያ፦ የናፈቃችሁ ምኑ ነው?

ይህችን ደረጃ ሰው ሁሉ ይዘላታል፣ ግን ብዙ ድካም ታድናለች። የናፈቃችሁ ጌሙ ራሱ ከሆነ ዕቃው ጭራሽ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ቴትሪስ ከ1984 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያልገባበት መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል፣ ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ ታገኙታላችሁ። ሌሎቹንም የድሮ ጌሞች ኩባንያዎቹ ራሳቸው ለአዳዲስ ኮንሶሎች ደጋግመው ያወጧቸዋል።

የናፈቃችሁ ግን የበተኗ ድምፅ ከሆነ፣ ወይም በ1989 የወጣውን የጌምቦይ (በእጅ የሚያዝ ትንሽ ጌም) አረንጓዴ ስክሪን ወደ መብራት ዘንበል አድርጎ እያዩ መጫወት ከሆነ (ከውስጥ የሚያበራ መብራት አልነበረውማ)፣ ያኔ ዕቃው ራሱ ነው የሚያስፈልጋችሁ። የናፈቃችሁ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ሲጫወት የነበረው ሰው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሱ ጋ ደውሉ። ሁለተኛ ጆይስቲክም ፈልጉ።

ሁለተኛ፦ ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ

ካርቶኑን መሬት ላይ ዘርግፉት። ሽቦው ከምን ጋር እንደተጠመጠመ፣ የቱ አዳፕተር ከየቱ ዕቃ አጠገብ እንደነበረ፣ ሁሉንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አታስታውሱትም። ከዚያ አራት ቦታ ክፈሉት፦ ባትሪ የሚበላ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ካሴት፣ እና ምንም ኤሌክትሪክ የሌለው ፕላስቲክና ጨርቅ።

ሦስተኛ፦ ድንጋዩን አውጡ

የባትሪ ቤቱን ክዳን ስትከፍቱ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ፈክቶ ካያችሁ አትደንግጡ። ድንጋዩ ፈሷል። አልካላይን የሚባለው ባትሪ ውስጡ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አለው፣ እሱ ሾልኮ ወጥቶ ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው እንደዚያ ነጭ ቅርፊት የሚሠራው። ቆዳም ዓይንም ያቃጥላል፣ ስለዚህ ጓንት አድርጉ። በጥፍራችሁ ለመፋቅ አትሞክሩ፣ እኔ ሞክሬ ጣቴ ሁለት ቀን ሲያሳክከኝ ነበር።

ድንጋዮቹን አውጥታችሁ የደረቀውን ቅርፊት በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ አራግፉ፣ ወደ ፊታችሁ ሳይሆን ወደ ታች። ከዚያ የጆሮ ጥጥ አቼቶ ነክራችሁ፣ ጨመቅ አድርጋችሁ፣ ብረቶቹን ጥረጉ። አረፋ ሲያወጣ ትሰማላችሁ፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ቲስ ይላል። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ አሲዱ የፈሰሰውን እያረከሰው ነው። አረፋው ሲያቆም አቼቶውን እዚያው አትተዉት፣ እሱ ራሱ ብረት ይበላል። በንጹሕ ውኃ ትንሽ ረጠብ ባለ ጥጥ፣ ቀጥሎ በአልኮል ጥረጉና አንድ ሌሊት ክፍቱን ይደር። ስፕሪንጓ ላይ ዝገት ከቀረ በእርሳስ ላጲስ ፈተግ ፈተግ አድርጓት።

ባትሪው የሸሚዝ ቁልፍ የምታክለዋ ክብ ከሆነች፣ እንደ 1996ቱ ታማጎቺ ያሉ የኪስ መጫወቻዎች ውስጥ እንዳለችው፣ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጧት። ሕፃን ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥለው ትችላለች። ይህ ለማስፈራራት የተባለ አይደለም። ካወጣችኋት በኋላ ሁለቱንም ጎኗን በፕላስተር ሸፍናችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አኑሯት።

አራተኛ፦ አዳፕተሩን አንብቡት

እዚህ ጋ ነው እኔ የወደቅኩት። አዳፕተር ማለት ጫፉ የገባ ሁሉ አይደለም። ጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ አንብቡት፣ ከዚያ ኮንሶሉ ሆድ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩት።

ኤሲ (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄድ ኤሌክትሪክ) ነው ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ)? ይህ ቀልድ አይደለም። የጃፓኑ ጌም ኩባንያ ኒንቴንዶ በ1983 አገሩ ውስጥ ፋሚኮም የሚባል ኮንሶል አወጣ፣ በ1985 ደግሞ ያንኑ ጌም መልኩን ቀይሮ ኤንኢኤስ ብሎ አሜሪካ ውስጥ ሸጠው። ውስጣቸው በጣም ይመሳሰላል፣ የሚጫወቱትም ያው ማሪዮ ነው። ግን የኤንኢኤሱ አዳፕተር የሚያወጣው 9 ቮልት ኤሲ ነው፣ ፋሚኮም የሚፈልገው ደግሞ ዲሲ። የኤንኢኤሱን አዳፕተር ፋሚኮም ላይ የሰካ ሰው ፋሚኮሙን ያቃጥላል። ወንድማማቾች ናቸው ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ቮልቱስ? የሚያወጣው (አውትፑት የሚለው) ኮንሶሉ ላይ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት። የሚቀበለውንም እዩ። ለጃፓን የተሠራ አዳፕተር ኢንፑቱ 100 ቮልት ይላል፣ የአሜሪካው 120። እነዚህን 220 ወይም 230 ቮልት ባለው ግድግዳ ላይ ቀጥታ ከሰካችሁ ወዲያው ነው የሚሄዱት። አምፒሩ ግን ከሚፈለገው ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ኮንሶሉ የሚበቃውን ብቻ ነው የሚስበው። ማነስ ነው የሌለበት።

መሃሉ ፖዘቲቭ ነው ኔጌቲቭ? ዲሲ ከሆነ አንዲት ትንሽ ሥዕል አለች፦ ነጥብ፣ ዙሪያዋን ግማሽ ክብ፣ ግራና ቀኝ የመደመርና የመቀነስ ምልክት። ነጥቧ በመስመር የተያያዘችው ከመቀነሱ ጋር ከሆነ መሃሉ ኔጌቲቭ ነው። የ1980ዎቹና የ90ዎቹ የጃፓን ኮንሶሎች ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ዛሬ ቤት ውስጥ የምታገኟቸው አዳፕተሮች ደግሞ አብዛኞቹ ተቃራኒው ናቸው። የእኔን ኮንሶል የገደለችው ይህችው ነጥብ ናት።

ጽሑፉ ከጠፋ በቴስተር አስለኩት። ቴስተር ከሌላችሁ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

አምስተኛ፦ እፍ አትበሉ

ሁላችንም ብለናል። ጌሙ አልነሳ ሲል ካሴቱን አውጥቶ ከታች በኩል እፍፍ፣ መልሶ መሰካት፣ ከዚያ ሲሠራ "አየህ!" ማለት። የሠራው ግን እፍታው አልነበረም፣ አውጥታችሁ መልሳችሁ ስለሰካችሁት ነው። ብረቶቹ እንደገና ተፋተጉና በደንብ ገጠሙ። እፍታው የሚያደርገው ምራቅና እርጥበት ብረቱ ላይ መርጨት ነው፣ እሱ ደግሞ ቀስ እያለ ያዝጋል። ኒንቴንዶ ራሱ አትንፉ ብሎ መክሯል። ማን ሰምቶት!

ትክክለኛው እንዲህ ነው። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል አግኙ፤ ለቁስል የሚሸጠው ቀጠን ያለው ውኃ ስለሚበዛበት ቶሎ አይደርቅም። የጆሮ ጥጡን ነክራችሁ፣ የካሴቱ አፍ ውስጥ ያሉትን ወርቃማ ጥርሶች ከውስጥ ወደ ውጭ ሳቡ። ጥጡ ጥቁር ይሆናል። በጣም ጥቁር። አዲስ ጥጥ፣ እንደገና። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቀጥሉ። እኔ ለአንድ ካሴት አሥራ አንድ ጥጥ የጨረስኩበት ቀን አለ፣ ዘጠነኛው ላይ ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ከዚያ አሥር ደቂቃ ይድረቅ። የኮንሶሉ ቀዳዳ ውስጥ በቀጥታ አልኮል አታፍስሱ፤ ካሴቱ ላይ በጣም ጥቂት አልኮል አስነክታችሁ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ አምስት ስድስት ጊዜ አስገቡት አውጡት። ካሴቱ ራሱ ያጸዳዋል።

የአሸዋ ወረቀት? በፍጹም። ያችን ስስ ሽፋን ከላጣችኋት አትመለስም።

ካሴቱን መክፈት ካለባችሁ የኒንቴንዶዎቹ ብሎን ተራ ካቻቢቴ አይቀበልም፣ 3.8 ሚሊሜትር የሆነ ልዩ መፍቻ አለው። የእስክሪብቶ ቀፎ አቅልጦ መፍቻ የሚሠራ ሰው አይቻለሁ፣ ሠርቶለታልም፣ ግን አልመክራችሁም።

ከከፈታችሁት አይቀር አንድ ነገር ተመልከቱ። እንደ ፖኬሞን ያሉ የደረሳችሁበትን የሚያስታውሱ ካሴቶች ውስጥ ክብ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ተበይዶ አለ። እሷ ስታልቅ ያ ሁሉ የክረምት ልፋት አብሯት ይጠፋል። ብዙዎቹ እስካሁን አልቀዋል፣ ግን አንዳንዱ እስከ ዛሬ አለ፤ ስለዚህ አሮጌዋን ከማውጣታችሁ በፊት ጌሙን ከፍታችሁ የድሮው ስም ካለ አረጋግጡ። ካለ፣ ካሴት የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ መጀመሪያ ገልብጡት። ባትሪዋ በወጣችበት ቅጽበት ሁሉም ይደመሰሳል። አዲሷንም እግር (ለመበየጃ የሚሆን ትንሽ የብረት ቅጠል) ያላትን ፈልጉ። ባትሪ ላይ በቀጥታ አትበይዱ፣ ልትፈነዳ ትችላለች።

ስድስተኛ፦ ቴሌቪዥኑ

ከሦስቱ የሽቦ ጫፎች ቢጫው ምስል፣ ነጩና ቀዩ ድምፅ ናቸው። አዲሱ ቴሌቪዥን እነዚህ ቀዳዳዎች ከሌሉት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ትንሽ ሳጥን አለ። ምስሉ ሲመጣ ማሪዮ ወፍሮ ከታያችሁ ማሪዮ አልወፈረም፤ ቴሌቪዥኑ አራት ለሦስት የነበረውን ምስል አሥራ ስድስት ለዘጠኝ አድርጎ እየለጠጠው ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ወደ 4፡3 መልሱት። የድሮ ካርቱንም እንደዚሁ።

ስትዘሉ ትንሽ ዘግይቶ ከዘለለ ደግሞ ጌም ሞድ የሚለውን አብሩ። አዲስ ቴሌቪዥን ምስሉን ሳያሳምር ስለማያሳይ ነው የሚዘገየው። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ "አረጀሁ ማለት ነው" እያልኩ ስተክዝ ነበር።

በሽጉጥ ዳክዬ የምትመቱበት ጌም ካላችሁ ግን ተዉት። ያ ሽጉጥ የሚሠራው ጀርባው ወፍራም በሆነው የድሮ ቴሌቪዥን ብቻ ነው፣ ስትተኩሱ ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ለቅጽበት ብልጭ የሚለውን ነጭ ሳጥን ነው የሚያየው፣ አዲሱ ቴሌቪዥን ደግሞ እሱን ዘግይቶ ነው የሚያሳየው። ወፍራሙ ቴሌቪዥን ካላችሁ ደግሞ ተንከባከቡት እንጂ እንዳትከፍቱት። ውስጡ ከ20,000 ቮልት በላይ ይሠራል፣ ከተነቀለ በኋላም ቻርጁ ሊቆይ ይችላል።

ሰባተኛ፦ የቪዲዮ ካሴቱ

ከሁሉም የሚያስቸኩለው ይህ ነው፣ እስካሁን አትቸኩሉ ስላችሁ ብቆይም። ፕላስቲክ ይጠብቃል። ክሩ ላይ ያለው ማግኔት ግን በየዓመቱ እየደከመ ነው የሚሄደው፣ ዴኩም እየጠፋ ነው። ቪኤችኤስ የሚባለው ይህ የቪዲዮ ካሴት ዓይነት በ1976 የወጣ ነገር ነው፣ አዲስ ዴክ ሲሠራ የቆየው የመጨረሻው የጃፓን ኩባንያ ፉናይም በሐምሌ 2016 ማምረት አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ያገለገለ ነው።

መጀመሪያ በካሴቱ መስኮት በኩል በባትሪ መብራት ክሩን እዩ። ጠርዙ ላይ ነጭ ብናኝ ካለ ሻጋታ ነው። ዴክ ውስጥ አትክተቱት። ክሩንም ይበጥሳል፣ ዴኩንም ይበክላል፣ ከዚያ ቀጥሎ የምታስገቡት ጤነኛ ካሴት ላይም ይዛመታል። ለየብቻ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ንጹሕ ከሆነ፣ ጀርባው ላይ ግራ ጥግ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ መሰበሯን አረጋግጡ። ካልተሰበረች ስበሯት። እሷ ከሌለች ዴኩ መቅዳት አይችልም፤ ማለትም በስሕተት ሪከርድ ተጭኖ የሰባት ዓመት ልደታችሁ ላይ ባዶ ግድግዳ አይቀዳበትም።

ዴኩን በማትፈልጉት ካሴት ሞክሩት። ክር የሚበላ ከሆነ እሱን ይብላ። ከዚያ የራሳችሁን አስገብታችሁ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት፣ መልሳችሁ ወደ ኋላ አጠንጥኑት። ዓመታት አንድ ቦታ ተጣብቆ የኖረ ክር ይላቀቃል።

መገልበጫው ቀላል ነው፦ ከዴኩ ሦስቱን ሽቦ ወደ ዩኤስቢ መቀየሪያ፣ እሱን ወደ ኮምፒውተር። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወይም እየተንከባለለ ከመጣ ዕቃው ተበላሸ አትበሉ፣ ሴቲንጉን ከፓል ወደ ኤንቲኤስሲ (ሁለቱ አገሮች የተለያዩበት የቴሌቪዥን ምስል ዓይነቶች ናቸው) ወይም ከዚያ ወደዚህ ቀይሩት። የሁለት ሰዓት ካሴት ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ማፍጠኛ የለውም። ትታችሁት አትሂዱ። ሲያልቅ ፋይሉን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ ፍላሽ ብቻውን አይታመንም።

አንድ ምክር፣ ከምንም በላይ የማምንበት፦ ከቴሌቪዥን ላይ የቀዳችሁት ካርቱን ካለ መሃል ያሉትን ማስታወቂያዎች አትቁረጡ። ካርቱኑን ሌላ ቦታ ታገኙታላችሁ፤ ማስታወቂያውን፣ የአቅራቢዋን ሰላምታ፣ የጣቢያውን ሙዚቃ ግን የትም ላታገኙት ትችላላችሁ። ጣቢያዎቹ ራሳቸው አላስቀመጡትም ይሆናል። ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ብዙ ፕሮግራሞቹን ደምስሶ ቴፑን መልሶ ተጠቅሞበታል። ከተደመሰሱት ውስጥ ዶክተር ሁ የሚባለው የእንግሊዝ ተከታታይ ድራማ ክፍሎች ነበሩ፤ ምስላቸው የጠፋው ክፍሎች ድምፃቸው ዛሬ ድረስ ያለው፣ ተመልካቾች ቤታቸው ቁጭ ብለው ከቴሌቪዥኑ ስለቀዱት ነው። ስለዚህ "ይኼ ቆሻሻ ካሴት" ከማለታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እዩት።

ስምንተኛ፦ ፕላስቲኩ

ይህ ቀላሉ ነው። ሌጎ (የሚገጣጠመው የፕላስቲክ ጡብ) ከሆነ ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ውኃና ቀለል ባለ ሳሙና በእጅ እጠቡት፣ ከዚያ በላይ ሙቀት ይጣመማል። ልብስ ማጠቢያ ማሽንም ፀጉር ማድረቂያም አይሆንም። በፎጣ ላይ በትናችሁ ራሱ ይድረቅ። የጎደላችሁ ካለ አዲስ መግዛት ትችላላችሁ፤ የ1958ቱ ጡብ ከዛሬው ጋር ይገጥማል። ባትሪ ወይም ድምፅ ያለው መጫወቻ ግን ውኃ ውስጥ አይገባም፣ በረጠበ ጨርቅ ብቻ።

ነጭ የነበረው ኮንሶል ቢጫ ሆኖ ካገኛችሁት ብዙ ጊዜ ተጠያቂ የሚደረጉት እሳት እንዳይዝ ፕላስቲኩ ውስጥ የተጨመረው ብሮሚን ያለበት ኬሚካልና ብርሃን ናቸው። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና በፀሐይ የሚያነጡት ሰዎች አሉ፣ ይሠራልም። ግን ቀለሙ ሊዥጎረጎር ይችላል፣ ቢጫውም ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል። እኔ እተወዋለሁ። እኔም ሽበት አውጥቻለሁ።

ለልጆቻችሁ ልትሰጡ ከሆነ የተቀባ አሮጌ መጫወቻ ላይ ቆም በሉ። ከ1970ዎቹና ከዚያ በፊት የሆነ ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ይችላል፣ ሕፃን ደግሞ ሁሉንም አፉ ነው የሚከተው። እሱን መደርደሪያ ላይ።

ሲያበቃ

ተጫውታችሁ ስትጠግቡ ድንጋዩን አውጡ። ሁልጊዜ። የቪዲዮ ካሴቱን አጠንጥናችሁ እንደ መጽሐፍ አቁሙት እንጂ አታጋድሙት። ቦታው ደረቅ ይሁን፣ ጣሪያ ሥርና ምድር ቤት አይደለም።

አዳፕተሩን ደግሞ ከራሱ ኮንሶል ጋር በላስቲክ እሰሩት፣ ላዩ ላይም የማን እንደሆነ ጻፉበት። ያ የኔን ጌም የገደለው አዳፕተር አሁንም አለኝ። ቀይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ፣ ፕላስተሩ ላይ ወንድሜ በእስክሪብቶ "ብዬህ ነበር" ብሎ ጽፎበታል።